የገረዲቱ ድምፅ
ስለ «አይዳ» ኦፔራ ዘፈኖች ለተማሪዎችና ለመምህራን የተደረገ ንግግር




ዛሬ በፊታችሁ ለመናገር የተነሣነው ስድስት ተማሪዎች ነን። ከስድስታችን አንድም የሙዚቃ ተማሪ የለም። ሁለታችን ድልድይና ሕንፃ፣ ሦስታችን ኤሌክትሪክና ማሽን፣ አንዳችን የኬሚካል ሥራ የምንማር ስንሆን፤ የዕለት ጭንቀታችንም እንደ እናንተው ፈተናና የቤት ሥራ ነው። ስለዚህ «እናንተን ስለ ኦፔራ ማን ጠየቃችሁ?» የሚለን ሰው ቢገኝ አንቀየመውም።

ነገሩ የተጀመረው መብራት በጠፋበት በአንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ማጥናት ስላልተቻለ ከመካከላችን አንዱ በስልኩ ውስጥ የነበረ የኢጣልያ ኦፔራ በትንሽ ድምፅ ማጉያ ከፈተልን። ከውጭ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ የሚወርዱት የከባድ መኪኖች ድምፅ ይሰማል፤ ከውስጥ ደግሞ አንዲት ሴት በማናውቀው ቋንቋ ታንጎራጉራለች። «ይህች ማን ናት?» ብንለው «ኢትዮጵያዊት ናት» አለን። ሳቅንበት። እሱ ግን አልሳቀም። ኦፔራው «አይዳ» እንደሚባል፤ አይዳም በታሪኩ ውስጥ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ እንደሆነች፤ ተማርካ በግብፅ ቤተ መንግሥት ገረድ ሆና እንደምታገለግል ነገረን።

ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «ይህ እኛ ስንሸነፍ ለማሳየት በግብፅ ገዥ ገንዘብ የተሠራ ሥራ ነው፤ በእኛ ክፍል ውስጥ ሊሰማ አይገባውም» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «በዓለም ትልልቅ መድረኮች ላይ ስማችን ከመቶ ኀምሳ ዓመት በላይ የተጠራበት ሥራ ነውና ልንኮራበት ይገባል» አለ። ክርክሩ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ዘለቀ። በመጨረሻ ግን አንድ ነገር አሳፈረን፤ ይኸውም ሰባት ደቂቃ እንኳ በቅጡ ስላላዳመጥነው ሥራ መጣላታችን ነው። ስለዚህ በየቅዳሜው እየተሰበሰብን ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ልንመረምር ተስማማን። የዛሬው ንግግራችን የዚያ ምርመራ ፍሬ ነው።

አስቀድመን ኦፔራ ማለት ምን እንደሆነ ለሁላችን አንድ ቃል እንበል። ኦፔራ በዋናነት በዜማ የሚነገር ቴአትር ነው። ተዋናዩ ይናገራል፤ ነገር ግን ንግግሩ ዘፈን ነው። ኦርኬስትራውም አጃቢ ብቻ አይደለም፤ ተዋናዩ በቃሉ የሸሸገውን አንዳንድ ጊዜ የሚያጋልጥበት ሁለተኛ ተናጋሪ ነው። ይህን ሁለተኛ ተናጋሪ ልብ አድርጋችሁ ያዙልን፤ ኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። በ1862 ዓ.ም. የስዊዝ ቦይ ሲከፈት የግብፅ ገዥ የነበረው ኬዲቭ እስማኤል በካይሮ አዲስ የኦፔራ ቤት አሠርቶ ነበር። ብዙ ሰው አይዳ ለቦዩ ምረቃ የተጻፈ ይመስለዋል፤ እንዲህ አይደለም። ያን ጊዜ ቤቱ የተከፈተው በኢጣልያዊው በጁሴፔ ቬርዲ በሌላ ኦፔራ፤ በ«ሪጎሌቶ» ነው። እስማኤል ግን ስለ ግብፅ የሚናገር፤ ለራሱ ቤት የሚሆን አዲስ ሥራ ፈለገ። ታሪኩን የነደፈው በግብፅ የጥንት ቅርስ ምርመራ የታወቀው ፈረንሳዊው ኦጉስት ማሪዬት ነው፤ ግጥሙን አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ጻፈ፤ ዜማውን ቬርዲ ደረሰ፤ ለድካሙም 150,000 ፍራንክ ተከፈለው። ልብሱና የመድረኩ ሥዕል የተዘጋጁት በፓሪስ ስለነበረ ከተማይቱ በፕሩስያ ጦር በተከበበች ጊዜ ዕቃው እዚያው ተይዞ ቀረ። በዚህ ምክንያት ትርኢቱ ዘግይቶ ታኅሣሥ 15 ቀን 1864 ዓ.ም.፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ዲሴምበር 24 ቀን 1871፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ካይሮ ላይ ታየ።

ከዚያ ቀን ጀምራችሁ 28 ቀን ብትቈጥሩ ጥር 13 ቀን 1864 ዓ.ም. ላይ ትደርሳላችሁ። በዚያ ቀን ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አክሱም ላይ ዘውድ ጫኑ። እንግዲህ የኢትዮጵያ ንጉሥ ተማርኮ በካይሮ መድረክ ላይ በተነዳ በወሩ፤ እውነተኛው ንጉሥ አክሱም ላይ ነገሠ ማለት ነው። አራት ዓመት ያህል ቈይቶ በ1868 ዓ.ም. የዚያው የእስማኤል ሠራዊት በእውነት ወደ ኢትዮጵያ ዘመተ፤ መጀመሪያ ጉንደት ላይ፤ ቀጥሎም ጉራዕ ላይ ድል ሆነ። በመድረክ የታየውን ታሪክ የጦር ሜዳው ገለበጠው።

ይህን ስንል ቬርዲ ለዚያ ዘመቻ ብሎ ጻፈ ማለታችን አይደለም። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፤ የኦፔራው ኢትዮጵያ የጥንት ጸሐፊዎች ከግብፅ በስተደቡብ ላለው አገር የሰጡት ሰፊ ስም ነው። በታሪኩ ውስጥ ስሟ የሚነሣው ናፓታ ዛሬ በሱዳን ምድር የምትገኝ፤ የኩሽ ነገሥታት ከተማ የነበረች ናት። ስለዚህ ኩራተኛው ጓደኛችን አይዳን የአክሱም ወይም የላስታ ልጅ አድርጎ ሊቈጥራት አይችልም። ተቈጪው ጓደኛችንም ቢሆን ስድቡ በቀጥታ ለእሱ የተላከ ነው ሊል አይችልም። ሁለቱም ከመቀመጫቸው ትንሽ ዝቅ አሉልን፤ እኛም ማዳመጥ ጀመርን።

ታሪኩ በአጭሩ ይህ ነው። አይዳ የግብፅ ንጉሥ ልጅ የአምኔሪስ ገረድ ናት። የማን ልጅ እንደሆነች በቤተ መንግሥቱ የሚያውቅ የለም። ወጣቱ የግብፅ ጦር አለቃ ራዳሜስና አይዳ በስውር ይዋደዳሉ፤ አምኔሪስም ራዳሜስን ትወዳለች። ራዳሜስ ኢትዮጵያን ሊወጋ ይሾማል፤ ድል አድርጎም ይመለሳል። ከምርኮኞቹ መካከል የአይዳ አባት አሞናስሮ አለበት፤ ንጉሥነቱን ግን ደብቋል። አባት ልጁን አስጨንቆ የግብፅ ጦር የሚያልፍበትን መንገድ ከራዳሜስ አፍ እንድታወጣ ያደርጋታል። ነገሩ ይገለጣል፤ ራዳሜስ ከነሕይወቱ በቤተ መቅደሱ ሥር በመቃብር እንዲዘጋበት ይፈረድበታል። መቃብሩ ሲከደን አይዳን እዚያው ተደብቃ ትጠብቀው ያገኛታል።

አሁን ወደ ዜማው። መጋረጃው ሳይገለጥ ኦርኬስትራው አጭር መግቢያ ይጫወታል። በመግቢያው ሁለት ሐሳብ ብቻ አለ። የመጀመሪያው ድምፃቸው በታፈነ ቫዮሊኖች፤ በለሆሳስ፤ ከላይ ወደ ታች እየተንሸራተተ የሚመጣ የአይዳ ዜማ ነው። ሁለተኛው ከዝቅተኞቹ ክሮች የሚነሣ የካህናቱ ዜማ ነው፤ ይህኛው ደረጃ እንደሚወርድ ሰው እርምጃውን እየቈጠረ ይሄዳል፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው እየተከተለው ይበዛል፤ ይጠነክራል። ሁለቱ ዜማዎች ይጋጫሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ግን ቀጭኑ ነው። የኦፔራው ነገር ሁሉ በዚህ መግቢያ ውስጥ ታጥፎ ተቀምጧል፤ ቅኔ አዋቂ ሰሙንና ወርቁን በአንድ መስመር እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው። ሰሙ የግብፅ ድል ነው። ወርቁን ፍለጋ እንሂድ።

የመጀመሪያው ትልቅ ዘፈን የራዳሜስ ነው፤ «ቼሌስቴ አይዳ» ይባላል። ምቱ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ችክችካ የለመደ ጆሮ ቍጥሩን ወዲያው ያውቀዋል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ እስክስታ የሚያስወርድ ሳይሆን በቀስታ የሚወዛወዝ ነው። ራዳሜስ ገና ሳይሾም ድልን ያልማል፤ ድሉንም ለአይዳ ሊሰጣት ያስባል። የምትወዳት ሴት አገር ሲወጋ ደስ ይላታል ብሎ ማሰቡን ራሱ አይታዘበውም። ቬርዲ ግን ታዝቦታል። የዘፈኑ የመጨረሻ ድምፅ ላይኛው ሲ ቤሞል ነው፤ ድርሰቱም ይህ ድምፅ በለሆሳስ፤ እየሞተ እንዲያልቅ ያዛል። ብዙ ቴኖሮች ግን ጭብጨባ ስለሚወዱ፤ ደግሞም ከፍ ያለውን ድምፅ አሳንሶ መዝፈን እጅግ ከባድ ስለሆነ፤ በጩኸት ይጨርሱታል። እኛ አምስት ዘፋኞችን አወዳደርን፤ አራቱ ጮኹ። አምስተኛው ሲያሳንሰው ግን ራዳሜስ ጀግና መሆኑ ቀርቶ ሕልም የሚያይ ልጅ ሆኖ ተሰማን።

ሁለተኛው የአይዳ ነው፤ «ሪቶርና ቪንቺቶር» ይባላል። ከዚህ ዘፈን በፊት አዳራሹ በሰው የተሞላ ነው፤ ንጉሡ፣ ካህናቱ፣ ጭፍሮቹ ሁሉ ራዳሜስን ድል አድርጎ እንዲመለስ በአንድ ድምፅ ይመርቁታል። አይዳም ከሕዝቡ ጋር አብራ ትጮሃለች። ሁሉም ሲወጡ ብቻዋን ትቀራለች። ያንኑ ቃል ደግማ ታነሣና መሐሉ ላይ ትደነግጣለች፤ የመረቀችው በአባቷና በወንድሞቿ ላይ የሚመዘዘውን ሰይፍ ነውና። እዚህ ላይ ቬርዲ ዘፈኑን እንደ አንድ ወጥ ልብስ አልሰፋውም። አንዱን ሐሳብ ይጀምራል፤ ይቈርጠዋል፤ ሌላ ፍጥነት፤ ሌላ ዜማ ይይዛል። የአባቷን ስም ልትጠራ ስትል ፍቅረኛዋን ትከዳለች፤ የፍቅረኛዋን ስም ልትጠራ ስትል አባቷን። በመጨረሻ ቃል ሁሉ ሲያልቅባት ወደ አማልክቱ ትለምናለች፤ በክሮቹ መንቀጥቀጥ ላይ አንድ ረጅም ቀላል ዜማ ይዘረጋል። ምክንያት የሚያቀርበው ሰው ዜማው ይቈራረጣል፤ የሚለምነው ሰው ዜማው ይረዝማል። ይህን በእኛም አገር በእግዚኦታ ጊዜ ሰምተነዋል።

ሦስተኛው በሁለተኛው ገቢር የአምኔሪስና የአይዳ ቅብብል ነው። እመቤቲቱ ገረዷን ልትፈትን «ራዳሜስ ሞቷል» ብላ ትዋሻታለች፤ አይዳ ስታለቅስ ምሥጢሯ ይያዛል። አምኔሪስ የንጉሥ ልጅነቷን አንሥታ ስትመጻደቅባት አይዳ በቍጣ «እኔም እኮ» ልትል ትጀምራለች፤ ወዲያው ትውጠዋለች። የንግግሩም የዜማውም ክር እዚያው ይበጠሳል፤ ቀጥሎም ትለማመጣለች። ከውጭ የጦርነቱ መዝሙር ይገባና ልመናዋን ይሸፍነዋል። አምኔሪስ ወጥታ ስትሄድ ብቻዋን ትቀርና በመጀመሪያው ገቢር ያሰማችውን የልመና ዜማ ደግማ ታሰማለች። እንግዲህ አንድ ሕግ መታየት ጀመረ፤ አይዳ በሰው ፊት ትውጣለች፤ ብቻዋን ስትሆን ትዘምራለች።

አራተኛው ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የድሉ ሰልፍ ነው። ለዚህ ሲባል ረጃጅም ቀጥ ያሉ መለከቶች ተሠርተዋል። ሦስቱ በላ ቤሞል ይነፋሉ፤ ሌሎቹ ሦስት ተቀብለው ያንኑ ዜማ ከፍ አድርገው በሲ ይነፉታል። ሥራው ቀላል ነው፤ ውጤቱ ግን ጣሪያውን የሚያነሣ ነው፤ እኛም ብንሆን በዚያች በትንሽ ድምፅ ማጉያ ስንሰማው ቀጥ ብለን ተቀመጥን። ተቈጪው ጓደኛችን እንኳ በእግሩ ምቱን ሲመታ ተያዘ። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ነጋሪትና መለከት በኋላ ምርኮኞቹ ይገባሉ። አሞናስሮ ስለ ምርኮኞቹ ንጉሡን ሲለምን ኦርኬስትራው ድንገት ዝቅ ይላል፤ ሰፊና ለስላሳ ዜማ ይመጣል። ዛሬ በእኛ ላይ የደረሰው ነገ በእናንተ ላይ ሊደርስ ይችላል ነው የሚለው። ምርኮኞቹ ይቀበሉታል፤ ሕዝቡም ይራራል፤ ካህናቱ ብቻ «ይገደሉ» እያሉ በራሳቸው ደረቅ ምት ይቀጥላሉ። አድምጡልን፤ በድል በዓሉ ላይ ለድል አድራጊዎቹ የተሰጣቸው ሰልፍ ነው፤ ሰው ቤቱ ሲገባ የሚያንጎራጉረው ዜማ ግን የተሰጠው ለምርኮኛው ነው።

አምስተኛውን ከሁሉ አስበልጠን ልንናገርበት እንወዳለን። ሦስተኛው ገቢር በዓባይ ዳር፤ በሌሊት ይከፈታል። ክሮቹ አንዲቱን ሶል ከላይ እስከ ታች ተከፋፍለው ይይዟታል፤ በዚያች በማትንቀሳቀስ ድምፅ ላይ አንድ ዋሽንት ብቻውን ይንከራተታል። የውሃ ጩኸት የለም፤ ውሃው በጨለማ ውስጥ መኖሩ ብቻ ይታወቃል። አይዳ ራዳሜስን ልትጠብቅ ትመጣለች። ኦቦ የሚባለው የትንፋሽ መሣሪያ አንድ የሚያዝን ዜማ ያነሣል፤ እሷም አገሯን ትጠራለች። ይህ ዘፈን «ኦ ፓትሪያ ሚያ» ይባላል። ቬርዲ ኦፔራውን ከጨረሰ በኋላ ተመልሶ የጨመረው ነው። እኛ ሳናውቅ አዳምጠን «ያለዚህ ዘፈን ኦፔራው ባዶ ነበር» ብለን ነበር፤ ደራሲውም አንድ ነገር እንደጐደለው ተሰምቶት እንደነበር ስናውቅ ደስ አለን።

አሠራሩን እንመልከት። ኦቦው በየመሐሉ ይመለሳል፤ እሷ የተወችውን ሐሳብ እሱ ያነሣዋል፤ እሱ የተወውን እሷ። ከላይ ሁለተኛ ተናጋሪ ያልነው ይህ ነው። ስለ ሰማዩ፣ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ወንዙ ዳርቻ ስትናገር ዜማዋ አይቸኵልም። ወደ መጨረሻው ግን ደረጃ በደረጃ እየወጣች ላይኛው ዶ ላይ ትደርሳለች። ሌላ ሥራ ቢሆን ኖሮ ይህ ድምፅ የጩኸት ቦታ ነበር፤ እዚህ ግን ድርሰቱ «በጣፋጭነት» ይላል። ከዚያም ትወርዳለች፤ መጨረሻዋም በቀጭኑ ተንጠልጥሎ የሚቀር ድምፅ ነው። እንደማትመለስ ታውቃለችና አትጮኽም። ከአሁን በኋላ የሚሰማት የለምና።

ዘፈኑ ሲያልቅ ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ ወጣ። ብዙ ቈይቶ ተመለሰና የሚከተለውን ነገረን፤ እዚህም እንድንናገረው ፈቅዶልናል። ታላቅ እኅቱ በአረብ አገር የሰው ቤት ሠራተኛ ናት። እሱ በዚህ ግቢ የሚማረው በእሷ ገንዘብ ነው። በየእሑዱ ትደውላለች፤ እናቱ «እንዴት ነሽ?» ስትላት «ደኅና ነኝ፤ ምንም አልሆንኩም» ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። አንድ እሑድ ግን ተሰነባብተው ስልኩን ሳትዘጋው ቀረች። መጀመሪያ የሳህን ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎ የውሃ ድምፅ፤ ከዚያ እናቷ ወፍጮ ላይ ሆና የምታዜመውን አንድ የድሮ ዜማ እያንጎራጐረች ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ያን ዜማ ልጅ ሳለች እንኳ ስትዘፍነው ሰምተዋት አያውቁም። እናትየዋ ስልኩን አልዘጋችም፤ ልጇንም አልጠራቻትም። መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ጆሮዋ ላይ ይዛ ቆመች። በሚቀጥለው እሑድ እኅቲቱ ደውላ «ደኅና ነኝ» አለች።

ጓደኞቻችን፤ ከዚህ በኋላ በክፍላችን ውስጥ ስለ ግብፅና ስለ ኢትዮጵያ ድል መከራከር ቀረ። አይዳ የት ተወለደች የሚለው ጥያቄም ቀለለብን። ይህች በሰው ቤት የምታገለግል፤ የማን ልጅ እንደሆነች የማይጠየቅላት፤ በሰው ፊት የምትውጥና ብቻዋን ስትሆን የምትዘምር ሴት ከእኛ ቤት የወጣች ናት። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው ውስጥ እኅቱን ወይም አክስቱን በዚህ መንገድ የሸኘ ብዙ እንዳለ እናውቃለን።

ከዚህ ወዲያ ያሉትን ሁለት ቅብብሎች በዚሁ ጆሮ ሰማናቸው። በዓባይ ዳር አሞናስሮ ከጨለማ ወጥቶ ልጁን ይይዛታል። መጀመሪያ በለስላሳ ዜማ ያገሯን ደን፣ ሸለቆውን፣ ቤተ መቅደሱን ያስታውሳታል። የጦሩን መንገድ ከራዳሜስ እንድታወጣ ሲጠይቃት እምቢ ትላለች። ያን ጊዜ ዜማው ፉከራ ይሆናል፤ ይፈጥናል፤ ይቈርጣል፤ የሞተች እናቷን መንፈስ ጠርቶ ያስረግማታል፤ በመጨረሻም ልጅነቷን ክዶ የፈርዖኖች ባሪያ ይላታል። የወላጅ እርግማን ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገንም። አይዳ የምትመልሰው በዝቅተኛ ድምፅ፤ በተቈራረጠ ትንፋሽ፤ ከአንድ ድምፅ እምብዛም ሳትርቅ ነው፤ ከወለል ላይ እንደምትነሣ ሰው። አባትየው ያሸነፈ ይመስለዋል፤ አሁንም ሰፊውን ዜማ ይዘረጋላታል፤ የተሸነፈው ሕዝብ በእሷ ብቻ ሊነሣ እንደሚችል ይነግራታል። እዚህ ላይ ቬርዲ ለአባትየውም አላደላም። ግብፆች ጕልበቷን ይፈልጋሉ፤ አባቷ ታማኝነቷን ይፈልጋል፤ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት የለም። እኛም ገንዘብ ሲመጣልን የምንመርቃትን እኅት ይህን ጠይቀናት እንደሆነ እያንዳንዳችን እንመርምር።

የመጨረሻው የመቃብሩ ቅብብል ነው፤ «ኦ ቴራ አዲዮ» ይባላል። ዜማው በሰፊ ዝላይ ወደ ላይ ይነሣና ቀስ ብሎ ይወርዳል። መጀመሪያ አይዳ ትዘፍነዋለች፤ ራዳሜስ ያንኑ ይደግመዋል፤ ቀጥሎ ሁለቱም ያንኑ ዜማ በአንድነት ይዘፍኑታል። የአውሮፓ ኦፔራ ሁለት ድምፆችን በሦስተኛ ርቀት አጣምሮ ማስማማት ይወዳል፤ እዚህ ግን መስመሩ አንድ ብቻ ነው፤ እሷ ላይኛውን፤ እሱ ታችኛውን ይዘው። በእኛ አገር ሙዚቃ ብዙ ሰው አንድ ዜማ አብሮ ሲይዝ የለመድን ስለሆንን ይህን ቦታ ለማድመጥ ያስተማረን አላስፈለገንም። ከላይ ካህናቱ ይዘምራሉ፤ አምኔሪስም በመቃብሩ ክዳን ላይ ሆና ሰላምን ትለምናለች፤ ያቺ ባለ ብዙ ቃል ልዕልት አሁን ከአንድ ሁለት ድምፅ በላይ የላትም። መለከት የለም፤ ነጋሪት የለም። ኦፔራው ሊሰማ በማይቻል ለሆሳስ ይዘጋል። በመግቢያው እንዳልነው የቀረው ቀጭኑ ነው።

አንድ መምህራችን ይህን ንግግር ስናዘጋጅ «በዜማው ውስጥ የኢትዮጵያ ነገር አለበትን?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ትልቅ ነውና በጥንቃቄ እንመልሳለን። የለበትም። የእኛ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ ለምሳሌ አንዱ የትዝታ መልክ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ በአንቺ ሆዬ ደግሞ ሁለተኛው ድምፅ ለመጀመሪያው እጅግ የቀረበ ነው። ቬርዲ ይህን አያውቅም ነበር፤ ኢትዮጵያውያኑ የሚዘፍኑት በኢጣልያ ዜማ ነው። ባዕድ መስሎ እንዲሰማ ያደረገው የግብፅን ካህናት ነው፤ በመጀመሪያው ገቢር የሴት ካህናቱ ጸሎት ከበገና መሰሉ ከሃርፕ ጋር ሲሰማ፤ ሁለተኛው ድምፅ ዝቅ ብሎ፤ በጌጥ ተጠቅልሎ ይመጣል። ይህም አውሮፓ «ምሥራቅ» ለማለት የሚጠቀምበት ምልክት ነው እንጂ ከግብፅ ምድር የተቀዳ አይደለም። ስለዚህ ቬርዲ ስለ እኛ ሙዚቃ ያስተማረን ነገር የለም። ያሳየን አንድ ነገር ነው፤ ገረዲቱ ብቻዋን ስትሆን የምታንጎራጕረው የቤቱ ሁሉ ዋና ዜማ ሊሆን እንደሚችል ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ጓደኞቻችን ምን ላይ ደረሱ? ተቈጪው «አይሰማ» ማለቱን ትቷል፤ ነገር ግን የድሉን ሰልፍ ብቻ ቈርጦ ለሠርግና ለምረቃ የሚያስነፋውን ሰው ዛሬም ይቈጣል፤ እኛም በዚህ ከእሱ ጋር ነን። ኩራተኛው «ስማችን ተጠራ» ማለቱን ትቷል። በስም መጠራትና መደመጥ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ራሱ ነገረን።

ከናንተ የምንለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፤ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ እናቶቻችን፣ አክስቶቻችን፣ አያቶቻችን በሥራ ላይ ሆነው ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው የሚያዜሙትን አንዳንድ ዜማ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀን በስልካችን እንቅረጽ፤ የዘፋኟን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን እንጻፍ፤ ቅኝቱን ደግሞ ከሙዚቃ አዋቂ ጠይቀን እንለይ። የእስማኤል የኦፔራ ቤት በ1964 ዓ.ም. ተቃጥሎ ጠፍቷል፤ የአይዳ ዜማ ግን ተጽፎ ነበርና አልጠፋም። የእኛዎቹ ያልተጻፉ ናቸው። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜ የምንረሳውም እሱን ነው። በሰው አገር ያለችው እኅታችን ስትደውል «ደኅና ነኝ» ካለችን በኋላ ቶሎ አንዝጋ።

በሚመጣው ቅዳሜ ማታ ሦስተኛውን ገቢር ደግመን እናዳምጣለን። ልትሰሙ የምትወዱ ሁሉ ኑ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የምትመጡት ስልካችሁን ባትሪ ሞልታችሁ ይሁን።